ሰው አለን ያልንበት ሆስፒታል

ፌብሩዋሪ 11፣ ማክሰኞ

መኪናዋ ዛሬም አልነሳ አለች። የሥራ ባልደረባዬ ዳራርቱ ባትኖር ሥራ ባልገባሁ ነበር። ከሰፈራችን ከሴዳር ፋብሪካው እስካለበት ኩን ራፒድስ ስለ ባሏ እናት ስታወራ ጆሮዬን በላችው… ራይድ ለሰጠ ሰው ጆሮ መስጠት ግን ግዴታ ነው። ፋብሪካው ሂተሩ ተበላሽቶ ጃኬታችንን እንደለበስን ነው ሽቦ ስንበይድ የዋልነው።

የደመወዝ ቼክ ተሰጠን። ለኢንሹራንስ አርባ ስድስት ዶላር ተቆርጧል። በየሁለት ሳምንቱ አርባ ስድስት! ሦስት ዓመት ሙሉ ቆርጠውብኝ ከልጃችን ከኢናስ ክትባት በቀር ምን አገኘሁ? ለባሌ ለአብዱልመናን ብነግረው «አለመታመማችን ቆጨሽ?» ብሎ ሳቀብኝ። ይስቃላ። ታክሲ ለሚነዳ ሰው ኢንሹራንስ የሚሰጠው የለ፣ እሱም ልጁም በእኔ ካርድ ነው ያሉት።

ደግሞ ሆዴን ይላል። ዒድ ካለፈ ገና ሦስት ቀኑ ነው፣ ሳምቡሳውን ያለ ልክ ሲያወርደው አይቻለሁ።

ፌብሩዋሪ 14፣ ዓርብ

ዛሬም ሆዱን። በቀኝ በኩል፣ ከጎድኑ ሥር። ሐኪም እንሂድ ስለው ጋዝ ነው አለኝ። ጋዝ…

ፌብሩዋሪ 16፣ እሑድ

ትናንት ከሰዓት በኋላ ሊፍት እየጠበቅን ሳለ አብዱ ኮሪደሩ ላይ ወደቀ። ፊቱ አመድ መሰለ፣ ላቡ ችፍ አለ፣ ያስመልሰዋል። ኢናስ «ዳዲ፣ ጌት አፕ» እያለች ትጎትተዋለች። እኔ ምን እንዳደረግሁ አላውቅም። የጋሽ ካሳዬን በር ስደበድብ ነው ራሴን ያገኘሁት።

ጋሽ ካሳዬ ቤታቸው ከእኛ ሦስት በር አልፎ ነው። ሴንት ፖል ከተማ አንድ ሆስፒታል ውስጥ የበሽተኛ አልጋ ይገፋሉ፤ በዚህ ሕንጻ የሐበሻ ልጅ የታመመ እንደሆነ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ እሳቸው ነው። ናይን ዋን ዋን ልደውል ስል እጄን ያዙኝ።

«ተዪ፣ አምቡላንስ ደስ ወዳለው ነው የሚወስደው። ወደ እኛ እንሂድ። እዚያ ሰው አላችሁ።»

ሰው አላችሁ… ያችን ስሰማ ስልኩን ተውኩት። መቼም ሆስፒታል ሰው ከሌለህ ማን ዞር ብሎ ያይሃል? እናቴን ደሴ ሆስፒታል አልጋ ያስገኘንላት በዘበኛ ዘመዳችን አይደል እንዴ?

በእሳቸው መኪና ሃያ ደቂቃ ፈጀብን፣ በረዶ ነበር። ስንደርስ በር ላይ ያሉት ሁሉ በስማቸው ጠሯቸው። ወዲያው አስገቡት። ካርዱን ጠየቁኝ፣ ሰጠሁ፣ ኮፒ አድርገው መለሱልኝ። የሐሞት ከረጢቱ ጠጠር ሞልቶት አብጧል፣ ሊፈነዳ ጥቂት ነው የቀረው አሉ። ቀደው አወጡለት። አልሐምዱሊላህ፣ ተረፈ።

ፌብሩዋሪ 18፣ ማክሰኞ

ክፍሉ ሰው አልችል ብሏል። ጋሽ ካሳዬ ከሥራቸው በተላቀቁ ቁጥር ታች ካለው የሕዝብ ስልክ ኳርተር ሳንቲም እየጨመሩ ሲደውሉ ነው የከረሙት። ለመስጊዱ ሰዎች፣ ለታክሲ ጓደኞቹ፣ ለራሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሳይቀር። ዳላስ ያለው የአጎቱ ልጅ ሰምቷል። ደሴም ተሰምቷል፣ ያን የደወልኩት እንኳ እኔ ነኝ። ነርሷ ሰውዬው በአገራችሁ ሚኒስትር ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ዛሬ ብቻ አርባ ሦስት ሰው ቆጠርኩ።

ኮራሁ፣ ለምን እዋሻለሁ።

ፌብሩዋሪ 21፣ ዓርብ

ቤት ገባን። ዶክተሩ ሲያስወጣን አንድ ጠጠር ሐሞቱ በሚወርድበት ቱቦ ውስጥ ሳይቀር አልቀረም አለ። ቁስሉ ሲጠግግ፣ ኤፕሪል ስምንት ተመልሶ፣ በጉሮሮው መሣሪያ አስገብተው ያወጡለታል። ቀላል ነው አለ። ተረስቶ ከቆየ ግን ይመርዘዋል… ይህን ሁለት ጊዜ ነው የነገረኝ።

ጋሽ ካሳዬ የዚያን ቀን አልጋውን የምገፋው እኔ ነኝ ብለዋል።

ማርች 19፣ ረቡዕ

ከኢንሹራንሱ ወረቀት መጣ። ከላይ በትልቁ «ይህ ቢል አይደለም» ይላል። ጎሽ! ሆስፒታሉ የጠየቀው ግን ጉድ ነው… አሥራ ሰባት ሺህ ሁለት መቶ ዶላር። ለአንድ ከረጢት! ኢንሹራንስ ባይኖረን ምን ይውጠን ነበር? በየሁለት ሳምንቱ ሲቆርጡብኝ የተራገምኩትን ሁሉ አስተግፊሩላህ ብያለሁ። የቀረውን ዓምድ ሳላነብ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ቢል ካልሆነ ምን ያስነብበኛል?

ማርች 26፣ ረቡዕ

ዘጠኝ ሺህ አንድ መቶ ዶላር።

ከሆስፒታሉ መጣ። ይኼኛው ቢል ነው። ክው ብዬ ቀረሁ… ዜሮ ተሳስተው የጨመሩ መስሎኝ መብራቱ ሥር ወስጄ አየሁት። ዘጠኝ ሺህ አንድ መቶ። ኢንሹራንስ እያለን? ካርዱን ሰጥቻቸው፣ ኮፒ አድርገው? ታዲያ ሦስት ዓመት የተቆረጠብኝ ለምን ነበር?

ለአብዱ አልነገርኩም። እራት አልወርድ ሲለኝ ምን ሆንሽ አለኝ፣ ራሴን አልኩት።

ማርች 27፣ ሐሙስ

ምሳ ሰዓት ላይ ለዳራርቱ አሳየኋት። ጉንጯን ይዛ አነበበችው። እሷ አምና ስትወልድ ነው ይህን ሁሉ የተማረችው።

ኢንሹራንሱ የተዋዋላቸው ሆስፒታሎች አሉ። የክሊኒክሽ ሐኪም ጽፎልሽ እነሱ ዘንድ ከሄድሽ ከኪስሽ መቶ ዶላር ከፍለሽ ትወጫለሽ። ካልተዋዋሉት ዘንድ በራስሽ ከሄድሽ ግን መጀመሪያ አምስት መቶ ያንቺ። ከዚያ በኋላ ከመቶ አርባው ያንቺ። እሱም ኢንሹራንሱ ተገቢ ነው ብሎ በገመተው ዋጋ ነው፣ የእናንተን አሥራ አራት ሺህ ብሎታል፤ ሆስፒታሉ ከዚያ በላይ ከጠየቀ ትርፉ እንዳለ ያንቺ። ናፕኪን ላይ ደመረችልኝ። አምስት መቶ፣ አምስት ሺህ አራት መቶ፣ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ። ዘጠኝ ሺህ አንድ መቶ። አንዲት ሳንቲም አልተሳሳቱም።

የተዋዋሉት የትኛውን ነው ብዬ ጠየቅኋት።

«ከኩሽናሽ መስኮት የሚታየውን ነዋ፣ እህቴ» አለችኝ።

ዕቃ ሳጥብ የማየው ሕንጻ። በእግር አምስት ደቂቃ። አብዱን ጭነን በበሩ ነው ያለፍነው… እኔ እንዲያውም ዞር ብዬ አይቼዋለሁ፣ መብራቱን አስታውሳለሁ። እዚያ ማንንም አናውቅ፣ ምን ይሠራልናል ብዬ።

ከሰዓት በኋላ የምበይደውን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ሦስቱን አበላሸሁ። ሱፐርቫይዘሩ ታመምሽ እንዴ አለኝ።

ማርች 30፣ እሑድ

ስቀጠር የሰጡኝን የኢንሹራንስ ቡክሌት አገኘሁት። የጠረጴዛውን አጭር እግር አስደግፌበት ኖሯል። ጠዋቱን በሙሉ መዝገበ ቃላት ይዤ ስፈታ ዋልኩ። ገጽ ሠላሳ አንድ። ድንገተኛ ሕመም ከሆነ ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ሂዱ፣ የተዋዋልነው ባይሆንም ግድ የለም፤ ብቻ በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ካርዱ ጀርባ ባለው ቁጥር ደውሉልን ይላል። ይህን ካደረግሽ መቶ ዶላር። ካላደረግሽ እንደ እኛ።

አርባ ስምንት ሰዓት! ከቅዳሜ እስከ ሰኞ። በእነዚያ ሁለት ቀናት ለማን ያልተደወለ አለ? ለዳላስ ተደወለ። ለደሴ ተደወለ። ጭራሽ አኩርፎን ለከረመው ለአብዱ የቀድሞ አለቃ እንኳ ተደወለ። ያልተደወለለት ኢንሹራንሱ ብቻ ነው። ነጻ ቁጥር ነው ደግሞ፣ ኳርተር አይጠይቅ…

ስስቅ ይሁን ሳለቅስ እንጃ፣ አብዱ ድምፄን ሰምቶ መጣ። መደበቁ ሰለቸኝ፣ ቢሉን ሰጠሁት። በጣቱ እየተከተለ አነበበው። ጃኬቱን ለብሶ ወጣ፣ እስከ አሁን አልተመለሰም።

ኤፕሪል 3፣ ሐሙስ

ጋሽ ካሳዬ ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁን መጡ። ጨዋታ መሃል ኢንሹራንሱ ሁሉንም ከፈለ አይደል አሉ። አፌን ከፈትኩ። አብዱ ቀደመኝ።

«ምንም አልቀረብንም ጋሼ። እርስዎ ባይኖሩ ኖሮ…»

ደስ አላቸው። ፊታቸው ሲበራ አየሁ። እኔም ብርቱካን መላጥ ያዝኩ። ምን ይባላል? ነፍስ ያተረፉ ሰው እኮ ናቸው። በዚያ በረዶ፣ ያውም በዕረፍት ቀናቸው። ከሄዱ በኋላ አብዱ ትንፍሽ እንዳትዪ አለኝ። እኔስ መች ልል ነበር።

ግን ተናድጃለሁ። በማን ላይ እንደሆነ ነው ያልገባኝ።

ኤፕሪል 8፣ ማክሰኞ

አብዱ ወደ ቀጠሮው ብቻውን ሄደ፣ ከሥራ እንዳትቀሪ፣ ክፍያውንም እኔ ጠይቄያለሁ ብሎኝ። ስመለስ ቤት ነው። መረመሩኝ፣ ጠጠርም የለ፣ ራሱ ወጥቷል አሉኝ አለ። አልሐምዱሊላህ! በጉሮሮው መሣሪያ ሊገባለት የነበረ ሰው ሁለት ሳህን ሩዝ በላ።

ኤፕሪል 25፣ ዓርብ

ይግባኝ ይቻላል ተብዬ ፎርም ሞላሁ። «ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ያልሄዱበት ምክንያት» ይላል፣ ሦስት መስመር ቦታ ነው የተሰጠን። ዳራርቱ መንገዱ በበረዶ ተዘግቶ ነበር በዪ አለችኝ። ውሸቱን ልጽፍ ብዬ እጄ እንቢ አለኝ።

«እዚያ የምናውቀው ሰው ስለነበረን» ብዬ ጻፍኩ። ይገባቸው ይሆን? እነሱ መቼ ሰው ፈልገው ሆስፒታል ገብተው ያውቃሉ?

ሜይ 13፣ ማክሰኞ

ሆስፒታል ወንበር ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። ከመስኮታችን የሚታየው ሆስፒታል።

ትናንት ከሥራ ስገባ ጋሽ ካሳዬን ሊፍት ውስጥ አገኘኋቸው። አንገታቸውን ደፍተው፣ ነገር እንዳይሆንባችሁ ብዬ እስካሁን ዝም አልኩ፣ አብዱልመናን ግን ያን ቀን ለምን ቀረ አሉኝ። ያን ቀን? ኤፕሪል ስምንት። አልጋውን ይዤ ስጠብቀው ዋልኩ አሉ።

ቤት ስገባ አብዱ ሶፋው ላይ ተኝቷል። የፀሐይ መነጽር አድርጎ። ቤት ውስጥ! ሳምንት ሙሉ ዓይኔን ብርሃን እየወጋኝ ነው ሲለኝ አምኜው ነበር። መጥቼ አወለቅሁበት። ዓይኑ ቢጫ ነው፣ እንደ እርድ።

«አልሄድክም» አልኩት።

«አልሄድኩም።»

«የት ዋልክ ታዲያ?»

«ኤርፖርት። ተራ ይዤ።»

ጠጠሩስ ስለው፣ «ሌላ ዘጠኝ ሺህ ለእናንተ ጥዬ ከምነሳ ይሄው ይውሰደኝ» አለኝ። በዝግታ፣ የቤት ኪራይ እንደሚነግረኝ። ጠላሁት። ወላሂ ለአንድ ደቂቃ ጠላሁት። ከዚያ ግንባሩን ስነካው እሳት ነው።

ካርዱን አገላብጬ ደወልኩ። አንዲት ሴት አነሳች። አሁኑኑ ቅርብ ወዳለው ውሰጂው፣ መደወልሽን መዝግቤያለሁ አለችኝ። እሷ ትቸኩላለች፣ እኔ አልላቀቅ አልኳት። የቱን ሆስፒታል? ሌላስ ወረቀት? ከኪሳችን ስንት? መቶ ዶላር አለችኝ። ኦፕሬሽን ቢሆንስ? መቶ። ሳምንት ቢተኛስ? መቶ። ስሟን መዳፌ ላይ ጻፍኩ።

አብዱ አላመነኝም። ልታስነሺኝ ነው አለ። ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፍኩለትና ለእሱ ድገሚለት አልኳት። ሰማ። «መቶ?» አላት። ደግማ ነገረችው። ስልኩን ሰጠኝና ጫማውን ፈለገ።

በራሱ ታክሲ፣ እኔ ነድቼ፣ ሁለት ደቂቃ። ሐኪሙ ቱቦው ተደፍኖ መመርቀዝ ጀምሯል፣ ከሁለት ቀን በኋላ ቢሆን ወደ ደሙ ይገባ ነበር አለኝ። ዛሬ ጠዋት ጠጠሩን አወጡለት። የምስር ፍሬ የምታክል ነገር… ለዚህች፣ ለመቶ ዶላር፣ አንድ ወር ሙሉ እያወቀ ሊሞትብኝ ነበር። አጠገቤ ተኝቶ! እኔ ደግሞ ሩዝ በላ ብዬ ደስ ብሎኝ።

ለማንም አልደወልኩም። ክፍሉ ጭር ብሏል።

ሜይ 15፣ ሐሙስ

ጋሽ ካሳዬ መጡ። ከሴንት ፖል በቀጥታ፣ የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ። ኢናስ ናት ጠዋት በቤታችን ኮሪደር ላይ የነገረቻቸው። በሩ ላይ ቆመው አልገባም አሉ።

«እዚህ ምን ትሠራላችሁ? እዚህ ማን አላችሁ?»

አብዱ አየኝ። ዝም በዪ የሚል ዓይን ነው፣ አውቀዋለሁ። እኔ ግን በቃኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ዘጠኝ ሺህ አንድ መቶውን፣ አርባ ስምንት ሰዓቱን፣ አብዱ ለምን እንደቀረ። ድምፄን አላነሳሁም። አላጠፉም፣ አላወቁም፣ ያወቀም አልነበረም ብዬ ነው የነገርኳቸው።

ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። እሳቸው እንኳ ኢንሹራንስ የላቸውም፤ የቀጠራቸው ኤጀንሲ ነው፣ ለነሱ አይሰጥም። እንዲህ ያለ ካርድ በእጃቸው ይዘው አያውቁም። ይህንን እኔም ገና አሁን መስማቴ ነው። አራት ዓመት ጎረቤት ሆነን!

ከዚያ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ።

«ጋዲሴን ወስጃታለሁ። የመርጋንም ሚስት፣ ልትወልድ ስትል። ቸሩን፣ በኩላሊቱ…» ስምንት ጣት ሞላ። ጣቶቻቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። «አንዳቸውም ምንም አላሉኝም።»

«እኛስ መች አልንዎት?» አልኳቸው።

አብዱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ጁን 8፣ እሑድ

የይግባኙ መልስ መጣ። አይሆንም። ሆስፒታሉ በወር ሰባ አምስት ዶላር ክፈሉ ብሎ ተስማምቷል፣ አሥር ዓመት። ስንጨርስ የስምንት ዓመቷ ኢናስ አሥራ ስምንት ይሆናታል። አብዱ ታክሲው ላይ ተመልሷል። ዓይኑ ነጭ ነው፣ ጠዋት ጠዋት በመስኮቱ ብርሃን እያዞርኩ አየዋለሁ፣ ተይኝ ቢለኝም።

ጋሽ ካሳዬ በዕረፍት ቀናቸው ቤት ለቤት ይዞራሉ። ስምንቱንም ይቅርታ ሊጠይቁ። አብዱ ይተዉት ጋሼ፣ ያፍራሉ ሰዎቹ ብሎ ለመናቸው፣ አልሰሙትም።

ትናንት ጋዲሴ ዘንድ ነበሩ። ከዚያ በቀጥታ ወደ እኛ መጡ፣ ሻይ አቀረብኩ፣ አልነኩትም። መጀመሪያ ኧረ እኔ ምንም አልከፈልኩም ብላ ክዳ ነበር አሉ። ሲደግሙባት አለቀሰች። አራት ሺህ። አምና ቶዮታዋን የሸጠችው ለዚያ ኖሯል። ክረምቱን በሙሉ ሌክ ስትሪት ላይ አውቶብስ ስትጠብቅ ያየኋት… ሰልችቷት የሸጠችው ነበር የመሰለኝ።

«ገዢውን ያገኘሁላት እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ካሳዬ። «ለድካምዎ ብላ ሃያ ዶላር ሰጠችኝ። ተቀበልኳት።»

አብዱ የቀዘቀዘውን ሻያቸውን አንስቶ ትኩስ ቀዳላቸው።

ነገ ከሥራ መልስ የመርጋ ቤት ነው፣ አብሬያቸው እሄዳለሁ። የእነሱ ገና ዓመት አልሞላውም፣ የይግባኙ ጊዜ አላለፈበትም። ቢሉንም ወረቀቱንም ሁሉ አውጥታችሁ ጠብቁኝ ብዬ ደወልኩላቸው። የመርጋ ሚስት የምን ቢል፣ እኛ ምንም የለብንም አለችኝ። ዝም ብዬ ጠበቅኋት… ስልኩን ሳትዘጋ፣ ስንት ሰዓት ትመጫለሽ አለችኝ።